ባንክ የያዘው ሊብሬ ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት ያወጣል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላምታዬ ከኮምቦልቻ ይድረሳችሁ። ስለ ካፒታል ገበያው የምታወጡትን እከታተላለሁ፣ ጥሩ ነው፣ ቀጥሉበት። አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ስለ አየር ንብረት ለውጥ በጻፋችሁ ቁጥር ፎቶው የተሰነጣጠቀ መሬት ነው። አጠገቡ የከሳ ከብት። ከሥሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ወሎ» ይላል። ድርቁ ውሸት ነው አልልም። የ66ቱንም የ77ቱንም እልቂት ከወላጆቻችን እየሰማን ነው ያደግነው፣ በ2013 መግቢያ ላይ የአንበጣ መንጋ የደረሰ ማሽላ ሲግጥም በዓይናችን አይተናል። ስለ ድርቅ ለወሎዬ የሚነግረው ሰው አያስፈልገውም።

ግን በዚህ ጉዳይ የሚከስረው ዝናብ የቀረበት ገበሬ ብቻ አይደለም። ዓለም ከነዳጅ እወጣለሁ ብሎ ሲነሳ፣ መንግሥት አንድ ቀን ደንብ ሲያወጣ፣ አዲሱ ማሽን አሮጌውን ሲገፋው፣ በአሮጌው ላይ ተበድሮ የቆመ ነጋዴ አለ፤ ከነጋዴው ጀርባ ያበደረው ባንክ አለ፤ ከባንኩ ጀርባ ደግሞ ገንዘባችንን ያስቀመጥን እኛ አለን። ማርክ ካርኒ የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ገዥ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለንደን ላይ ለኢንሹራንስ ሰዎች ባደረገው ንግግር የአየር ንብረት ስጋትን ሦስት ቦታ ከፍሎት ነበር። አንዱ ጎርፉና ድርቁ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ሁለተኛው ተጎጂዎች ካሣ ሲጠይቁ የሚመጣው። ሦስተኛው የሽግግር ስጋት ነው፣ ማለትም ኢኮኖሚው ከካርበን ሲላቀቅ ዋጋ የሚያጣው ንብረትና የሚናጋው ድርጅት። እናንተ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው የምትጽፉት። እኔ ስለ ሦስተኛው ልጽፍ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ዓመት ባንክ ብድር ክፍል ሠርቻለሁ፣ አሁን ደግሞ ለነጋዴዎች ሒሳብ እሠራለሁ፣ ነገሩ ከሁለቱም ወንበር ይታየኛል።

ኮምቦልቻን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ከጅቡቲ የሚመጣው ጭነት በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ ወደኛ ይወጣል። ደሴ ለመግባት ደግሞ ሐረጎ የሚባለውን ዳገት መውጣት ነው። ተሳቢ ያለው፣ ሲኖትራክ ያለው፣ አይሱዙ ያለው፣ ቦቴ የሚያሠራ፣ ማደያ የከፈተ፣ ጋራዥ፣ መለዋወጫ ቤት፣ ጎማ ቤት፣ ለሹፌር ምግብና አልጋ የሚያቀርብ፣ ሁሉም ከዚህ መንገድ ነው የሚበላው። ብዙውም በብድር የቆመ ነው። ሊብሬው ባንክ ነው ያለው። ሊብሬው ካልበቃ የቤት ካርታ ይጨመርበታል።

ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ። በዓለም የመጀመሪያዎቹ ተባልን። ምክንያቱ አየር ንብረት ብቻ አልነበረም፣ እንዲያውም ዋናው ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ነበር። ለኤሌክትሪክ መኪና ቀረጡ እንዲቀል ተደርጓል፤ ተበታትኖ ለሚገባው ዜሮ፣ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚመጣው 5 በመቶ፣ ተሠርቶ ላለቀው 15 በመቶ። ያን ሰሞን ሻይ ቤቱ ሁሉ የሚያወራው ስለ መኪና ዋጋ ነበር። ይወርዳል ሲባል የነበረው አሮጌ መኪና ጭራሽ ተወደደ፣ አዲስ አይገባማ! ስለ ብድር ግን አንድም ሰው ሲያወራ አልሰማሁም።

ነገሩ ወዲህ ነው። አበዳሪ ከባለአክሲዮን ይለያል። ድርጅቱ ሲያተርፍ ባለአክሲዮኑ ያተርፋል፣ አበዳሪው ግን ያው ወለዱንና ዋናውን ነው የሚያገኘው። ሲወድቅ ግን አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ አበዳሪ ሁልጊዜ ስለ መጥፎው ቀን ነው ማሰብ ያለበት፣ ደግሞም ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ስላለው ጊዜ። እኛም ብድር ክፍል ስንቀመጥ ወረቀቱ ስንት ገጽ ቢሆን ጥያቄያችን ሁለት ነበር፤ ይከፍላል ወይ? ባይከፍልስ ምን እናገኛለን?

በተለመደው ክስረት ሁለቱ ጥያቄዎች አይነካኩም። ሰውየው ቢታመም፣ ሸሪኩ ቢክደው፣ ጭነት ቢጠፋበት፣ መክፈል ያቅተዋል፤ መኪናው ግን እንዳለ አለ። ሐራጅ ይወጣል፣ ሌላው ይገዛዋል፣ ባንኩ ገንዘቡን ይሰበስባል። በሽግግር ስጋት ግን ገቢውን የጣለው ነገርና መያዣውን ዋጋ ያሳጣው ነገር አንድ ናቸው። ቤንዚን ቀጂ ስለጠፋ ማደያው መክፈል ቢያቅተው፣ ያንን ማደያ በሐራጅ የሚገዛው ማነው? መሬቱ ይሸጣል ትሉ ይሆናል። እሱም ታንከር የተቀበረበት መሬት ነው፣ ታንከሩን ማውጣትና ነዳጅ የጠጣውን አፈር ማንሳት የራሱ ወጪ አለው። ደግሞ የሚወድቀው አንዱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። በአንድ መንገድ ላይ የቆሙ ተበዳሪዎች ሁሉ ባንድ ሰሞን ነው የሚሸጡት፣ ሁሉም ሻጭ ሲሆን ደግሞ ገማቹ የጻፈው ዋጋ ወረቀት ላይ ይቀራል። ለብድር ከዚህ የከፋ ነገር የለም።

ይህ የፈረንጅ ጭንቀት ነው የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ፈረንጆቹ ላይ የደረሰውን ላውራ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ድርጅቶች ገነው ነበር። ቻይና ትገዛለች፣ ዋጋው ጣሪያ ነክቷል። ፒቦዲ የሚባለው ትልቁ ድርጅት ማካርተር የተባለውን የአውስትራሊያ ከሰል አምራች በቢሊዮን በሚቆጠር ዶላር ገዛ፣ አርች ኮል የተባለውም ሌላ ገዛ፣ ሁለቱም ትልልቅ ዕዳ ውስጥ ገቡ። ከዚያ የተፈጥሮ ጋዝ ረከሰ፣ የኃይል ማመንጫዎች ላይ የብክለት ደንቡ ጠበቀ፣ የቻይና ፍላጎትም ቀዘቀዘ። አርች በጃንዋሪ 2016፣ ፒቦዲ በኤፕሪል 2016 ከአበዳሪዎች ከለላ ፈልገው ፍርድ ቤት ገቡ (የፈረንጁ 2016 ነው፣ ከኛ የመኪና እገዳ ዓመት ጋር እንዳይምታታባችሁ)። ልብ በሉ፣ ከሰሉ ያን ጊዜም ይቆፈር ነበር፣ ያን ጊዜም ይነድ ነበር። የጠፋው ዕዳውን የሚሸከም ትርፍ ነው። ድርጅት ለመክሰር ምርቱ ከምድር መጥፋት የለበትም፤ ሽያጩ በመጠኑ ይቀንስና ዕዳው እንዳለ ይቀመጥ፣ ይበቃዋል። ሰዎቻችን «ነዳጅ መች ይጠፋል» ሲሉ የሚስቱት ይህችን ነው።

የቦንድ ገበያው፣ ማለትም ድርጅቶች የዕዳ ሰነድ ሸጠው የሚበደሩበት ገበያ፣ ይህን ቀስ ብሎ ተምሯል። ለነዳጅ ድርጅት ለ3 ዓመት ማበደር አያስፈራም፣ የ30 ዓመት ቦንዱን መግዛት ግን ሌላ ነው፣ በ30 ዓመት ውስጥ ማን ምን እንደሚነዳ ማን ያውቃል? የብድር ደረጃ የሚያወጣው ኤስ ኤንድ ፒ በጃንዋሪ 2021 የነዳጅና ጋዝ ኢንዱስትሪውን ስጋት ከፍ አድርጎ መደበው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሽግግር ነው። በወሩ የኤክሰንሞቢልንና የሼቭሮንን ደረጃ ከኤኤ ወደ ኤኤ ማይነስ አወረደ። በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉ ሀብታሞች ሁለቱ! ወዲያው አልከሰሩም፣ ማንም ይከስራሉ አላለም፣ ግን ለወደፊት የሚበደሩበት ሚዛን ላይ አንድ ነገር ተጨመረ።

ቀጥ ብሎ የሚሄድ መንገድ እንዳይመስላችሁ ግን። እ.ኤ.አ. በ2022 ዩክሬን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ጋዝና ከሰል እንደገና ተወደዱ፣ ያኔ አለቀላቸው የተባሉ የከሰል ድርጅቶች ገንዘብ አፍሰው ዕዳቸውን ቀነሱ። ቀድሞ የሸሸ አበዳሪ ወለድ አመለጠው። ኤኔል የተባለው የጣሊያን የመብራት ድርጅት ላይ የሆነውም ይገርማል። እ.ኤ.አ. በ2019 ወለዱ ከአካባቢ ጥበቃ ግብ ጋር የታሰረ ቦንድ ማውጣት ጀመረ፤ ግቡን ከሳተ ለገዢዎቹ 0.25 በመቶ ነጥብ ይጨምራል። የ2023ን የልቀት ግብ ሳተ፣ ጨመረም። ጭማሪው በመቶኛ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ በቢሊዮን ዩሮ ዕዳ ላይ ሲሰላ ግን የፋይናንስ ኃላፊን እንቅልፍ ይነሳል። እኔን የገረመኝ መጠኑ አይደለም፣ የአየር ንብረት ጉዳይ ወለድ ሆኖ ውል ውስጥ መግባቱ ነው።

አዲሱም ያከስራል፣ ይህ እንዳይረሳ። ኸርትዝ የተባለው መኪና አከራይ እ.ኤ.አ. በ2021 መቶ ሺህ ቴስላ አዝዣለሁ ብሎ ዓለምን አስደነቀ። ኸርትዝ መኪና የሚገዛው በብድር ነው፣ መያዣውም መኪናዎቹ ናቸው። ከዚያ ቴስላ የአዲሱን መኪና ዋጋ ደጋግሞ ቀነሰ። አዲሱ ሲረክስ ያገለገለው ምን ይሆናል? በጃንዋሪ 2024፣ ማለትም እኛ የነዳጅ መኪና በከለከልንበት ወር፣ ኸርትዝ 20 ሺህ ያህል የኤሌክትሪክ መኪናዎቹን ሊሸጥ መሆኑን ተናገረ፤ በዚህ ብቻ ወደ 245 ሚሊዮን ዶላር የዋጋ ቅናሽ መዘገበ። ስለዚህ አሮጌውን ትቶ አዲሱን ማቀፍ ብቻውን መፍትሔ አይደለም። የባትሪው ዕድሜ ስንት ነው፣ ሁለተኛ እጅ የሚገዛው ማነው፣ ቢበላሽ ደሴ ላይ የሚሠራው አለ ወይ፣ እነዚህ ሁሉ የአበዳሪ ጥያቄዎች ናቸው።

እሩቅ ሳንሄድ ደጃችን ላይ ያለውን እንይ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ። የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ውል የያዘው ሥራ ነው። ገንዘቡ የመጣው ከቱርክ ኤግዚም ባንክና በክሬዲት ስዊስ አስተባባሪነት ከተሰባሰቡ አበዳሪዎች ነበር። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ የአረንጓዴ ሽግግር ብድር ከየት ይመጣል? ከውኃ በሚመነጭ ኃይል የሚሄድ ባቡር፣ የናፍጣ መኪና የሚተካ! ግን መብራቱ በጊዜው አልደረሰለትም፣ በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ሐዲዱ ተቀምጧል፣ ዕዳው ግን አይቀመጥም። ባቡሩ በደንብ ሥራ የጀመረ ቀን ደግሞ የሚሌ መንገድ ተሳቢዎች ገበያ ይነካል። አሁን ተሳቢ ለመግዛት የሚበደር ልጅ ይህን ያሰላዋል? ያበደረውስ ባንክ?

ደንብ ከሩቅ መጥቶ ብድርን እንደሚያበላሽ ለመማር አየር ንብረትን መጠበቅም አልነበረብንም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ተስፋው ሁሉ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ መላክ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። ዋሽንግተን ላይ በተፈረመ ወረቀት የአንድ ፋብሪካ የትዕዛዝ ደብተር ይደርቃል፣ ማሽኑ አልተበላሸም፣ ሠራተኛው አልሰነፈም። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ እንደ ብክለቱ የሚጣለው የአውሮፓ የድንበር ካርበን ክፍያም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በብረት፣ በሲሚንቶ፣ በአሉሚኒየም፣ በማዳበሪያና በመሳሰሉት ላይ መሥራት ጀምሯል። ጨርቃ ጨርቅ አሁን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ገዢዎች ግን ከወዲሁ «ፋብሪካችሁ በምን ኃይል ነው የሚሠራው» ማለታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ኢትዮጵያ እድለኛ ናት፣ መብራቷ በአብዛኛው ከውኃ ነው፣ ህዳሴም ተመርቋል። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጀነሬተር ግን በናፍጣ ነው፣ ይህንንም መቁጠር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የኛ ባንኮች የሽግግር ስጋትን አይመዝኑም። የሚመዝኑት መያዣን ነው፣ መያዣውንም የሚገምቱት ባለፈው በተሸጠበት ዋጋ ነው። አንድ ልጅ ያረጀ የናፍጣ አይሱዙ ይዞ ሲመጣ ገማቹ ዋጋውን በቃሉ ያውቀዋል፣ ብድሩ ያልቃል። ሌላው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባጃጅ ልግዛ ሲል «ገበያው አይታወቅም» ይባላል። ከላይ ስለ ኸርትዝ የነገርኳችሁን አስቡና፣ ባንኩ ፈጽሞ ተሳስቷል አልልም። ግን የናፍጣውንም አይሱዙ እኮ አያውቀውም፣ የሚያውቀው የትናንቱን ነው። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገትን በ14 በመቶ ከገደበ በኋላ ይሄ ባሰ። ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም ልማዱ አልተለወጠም፤ ገንዘብ ሲያጥር ባንክ የሚያውቀውን መያዣ ነው የሚመርጠው።

ባለፈው አንድ ማደያ ያላቸውን ሐጂ ጠየቅኳቸው። «ሐጂ፣ ለማስፋፊያው ሲበደሩ ባንኩ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ጠየቀዎት?» አልኳቸው። «ወላሂ፣ ስለ ቤቴ ካርታ ነው የጠየቀኝ» አሉ። ከዚያ ሳቅ ብለው «አብሽር፣ ናፍጣው ሐረጎን እስከወጣ ድረስ እኔም አለሁ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የ2016ቱ እገዳ የነካው የቤት መኪናን ነው፤ የእሳቸው ደንበኛ ደግሞ የጭነት መኪና ነው። ከተማ ውስጥ ለቤት መኪናና ለባጃጅ ቤንዚን የሚሸጥ ማደያና አውራ ጎዳና ላይ ለተሳቢ ናፍጣ የሚሸጥ ማደያ አንድ ዓይነት ስጋት የላቸውም። አንደኛው ቀድሞ ይነካል፣ ሁለተኛው ዘግይቶ። ይህን ለመለየት የሽያጭ ደብተሩን ገልጦ ናፍጣው ስንት፣ ቤንዚኑ ስንት ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሁለቱም ግን ያው ወለድ፣ ያው ፎርም፣ ያው ካርታ።

ካርታው ነው እኔን የሚያሳስበኝ። ውጭ አገር ስጋቱ ሲጨምር ወለዱ ይጨምራል፣ ተበዳሪው ያየዋል፣ ያስብበታል። እኛ ጋ ወለዱ ዝም ይላል፣ ስጋቱ የሚከፈለው በመኖሪያ ቤት ነው። ሥራው ዋጋ ሲያጣ ባንኩ ወደ ቤቱ ይዞራል፣ ቤቱን በሐራጅ ይሸጣል፣ የባንኩ መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ይቀመጣል። ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው «የተበላሸ ብድር ትንሽ ነው» ብሎ ያደንቃል። ብድሩ እኮ አልተበላሸም፣ የተበላሸው ቤተሰቡ ነው። ለልጁ ቢዝነስ የዋስትና ፊርማ የፈረመች እናት ስለ ካርበን የሰማችው ነገር የለም።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ ትልቅ ጥናት አያስፈልግም። ብድር ፎርሙ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ ይህ ንብረት ብድሩ በሚያልቅበት ዓመት ስንት ያወጣል፣ ለምን? ገማቹ መልሱን ይሳት፣ ግድ የለም፣ መጠየቁ ራሱ የብድሩን ዘመን ያሳጥረዋል ወይም የመክፈያ መጠኑን ያስተካክለዋል። አዲስ ቴክኖሎጂ ላይ ለሚሠራ ተበዳሪ ደግሞ አስመጪው ራሱ መልሶ የመግዛት ግዴታ ቢገባ፣ ወይም ባትሪው ዋስትና ቢኖረው፣ ባንኩ ገበያው አይታወቅም የሚልበት ምክንያት ይቀንሳል። ብሔራዊ ባንክም ባንኮች ለማደያ፣ ለነዳጅ ማመላለሻና ለጭነት መኪና ያበደሩትን ለብቻ ለይተው እንዲያሳዩ ቢያዝ ምን ይጎድልበታል?

ለናንተም ሥራ አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2017 ተከፍቷል፣ ባንኮች አክሲዮናቸውን እያስመዘገቡ ነው፣ ነገ የድርጅት ቦንድ መምጣቱ አይቀርም። የባንክ ፕሬዚዳንት ስታነጋግሩ የተጣራ ትርፉን ብቻ አትጠይቁት፣ እሱንማ ራሱ በማስታወቂያ ይነግረናል። ካበደራችሁት ውስጥ ስንቱ በናፍጣና በቤንዚን ላይ ቆሟል በሉት። በአማካይ በስንት ዓመት ይመለሳል በሉት። ሥራው ቢወድቅ ሐራጁ የሚወጣው በመኪናው ላይ ነው ወይስ በቤቱ ላይ በሉት። መልሱን ሳታሳጥሩ አትሙልን። አልመልስም ካለም እንደዚያው ጻፉት፣ እኛ እዚህ እናነበዋለን።

አክባሪያችሁ
የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ